ከግለሰብ በጎ ፈቃድ ወደ ተቋም ኃላፊነት፦ የመምህርና የተማሪ ግንኙነት በባልቲሞር

(በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኖቬምበር 29 ቀን 1944 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ዶ/ር አልፍሬድ ብሌሎክ ከተፈጥሮ የልብ ጉድለት የተነሣ ቆዳዋ ወደ ሰማያዊነት በተለወጠ ሕፃን ላይ በታሪክ የሚጠቀሰውን ቀዶ ሕክምና አካሄዱ። ከበስተኋላቸው መቆሚያ ላይ ሆነው የስፌቱን አካሄድ ይጠቁሟቸው የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊው አቶ ቪቪየን ቶማስ ናቸው። የቀዶ ሕክምናውን ዘዴ አስቀድመው በውሾች ላይ የሞከሩትም እርሳቸው ነበሩ።

አቶ ቶማስ በ1930 በናሽቪል ከተማ በዶ/ር ብሌሎክ ቤተ ሙከራ ሲቀጠሩ ዓላማቸው ገንዘብ አጠራቅመው ኮሌጅ መግባትና ሐኪም መሆን ነበር። ይሁን እንጂ በዘመኑ የኢኮኖሚ ቀውስ ባንኩ ሲወድቅ ቁጠባቸው ጠፋ። ዶ/ር ብሌሎክ የቀዶ ሕክምናን ጥበብ አስተማሯቸው፤ የትምህርት በር ግን አልተከፈተላቸውም። በ1945 ስለ ቀዶ ሕክምናው በወጣው ጽሑፍ ላይ ስማቸው አልሰፈረም። ብዙ ቀዶ ሐኪሞችን ካሠለጠኑ በኋላ ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት የሰጣቸው በ1976 ነው። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የሰውን ችሎታ መጠቀምና ባለችሎታውን ማሳደግ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

አቶ ቶማስ በ1985 ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ከተማ ዳርቻ በሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲ ቅርንጫፍ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። የሒሳብ ምሁሩ ዶ/ር ፍሪማን ህራቦውስኪ፣ በ12 ዓመታቸው በበርሚንግሃም የሲቪል መብት ሰልፍ ተሳትፈው የታሰሩ ሰው ሲሆኑ፣ ጥቁር ተማሪዎች በሳይንስ ትምህርት ወደ ኋላ የሚቀሩበትን ምክንያት መመርመር ጀመሩ። በባለሀብቱ በሮበርት ሜየርሆፍ ድጋፍ በ1988 የተመሠረተው መርሐ ግብር በ1989 የመጀመሪያዎቹን 19 ወንዶች ተቀበለ። በቀጣዩ ዓመት ሴቶች ተጨመሩ፤ በ1996 ደግሞ ለማንኛውም ዘር ተማሪ ክፍት ሆነ።

መርሐ ግብሩ የትምህርት ወጪን በመሸፈን ብቻ አልተወሰነም። ተማሪዎቹ ከመደበኛው ትምህርት በፊት በክረምት ተሰባስበው ይዘጋጃሉ፤ በቡድን ያጠናሉ፤ በመሠረታዊ ትምህርቶች ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ተማሪ ትምህርቱን እንዲደግም ይመከራል። ከሁሉ በላይ ግን እያንዳንዱ ተማሪ በመምህር ቤተ ሙከራ ውስጥ እውነተኛ ምርምር ይሠራል። የኤች አይ ቪን ፕሮቲኖች ቅርጽ የሚያጠኑት ፕሮፌሰር ማይክል ሰመርስ ገና በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ያሉ ወጣቶችን ከምርምር ቡድናቸው ጋር በማሠራት ይታወቃሉ።

ውጤቱ የተመዘነው ተቀባይነት አግኝተው ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከሄዱ ተማሪዎች ጋር በማነጻጸር ነው። በመርሐ ግብሩ የተማሩት በሳይንስ ዘርፎች ለዶክትሬት ትምህርት የመግባታቸው ዕድል ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ንጽጽሩ በዕጣ የተመደበ ባይሆንም፣ ልዩነቱ በተማሪዎቹ ጉብዝና ብቻ የመጣ ነው ለማለት አያስደፍርም።

ከተመራቂዎቹ አንዷ ዶ/ር ኪዝሜኪያ ኮርቤት በ2008 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከ2014 ጀምሮ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከዶ/ር ባርኒ ግራሃም ጋር በኮሮና ቫይረሶች ላይ ምርምር ያካሄዱ ሲሆን፣ በ2020 ከሞደርና ኩባንያ ጋር በመተባበር የኮቪድ-19 ክትባት ካዘጋጁት ተመራማሪዎች መካከል ነበሩ። ሥራቸውም በስማቸው ተመዝግቧል።

በአቶ ቶማስና በዶ/ር ኮርቤት መካከል ያለው ልዩነት የተሰጥዖ አይደለም። የፊተኛው ዕጣ በአንድ አለቃ በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር፣ የኋለኛዋን ተቋሙ በኃላፊነት ተረክቧት ነበር። ተለማማጆችን በእጁ የሚያሠራ የጤና ባለሙያ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄም ከዚህ ይመነጫል፦ አብሮን የሚሠራው ወጣት ነገ ወዴት እንዲደርስ እያደረግነው ነው?