ስሜን፤ የዋልያና የሰው አገር

ታሪክ የሚገኘው በነገሥታት ዜና መዋዕል ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኔም እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር ግን አባቴ ወደ ስሜን ተራራ ወሰደኝና አሳቤ ተለወጠ።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ደረስን፤ በዚያም በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን ከአንድ ሽማግሌ ጠባቂ ጋር ጉዞ ጀመርን። ከሳንቃ በር እስከ ግጭ በእግር ስንጓዝ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ሲነጩ አየን። ሲመሽ ግን አውሬ እንዳይደርስባቸው ወደ ገደሉ ወርደው ያድራሉ። በማግሥቱ ጨነቅ ስንደርስ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ዋልያ በገደል አፋፍ ቆሞ አየን። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚገኝበት አገር የለም።

ስሜን ግን የእንስሳት አገር ብቻ አይደለም። ደጃዝማች ውቤ ይህን አገር ይገዙ ነበር፤ በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር ደጃዝማች ካሣ ድል አድርገዋቸው፥ ውቤ ራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ደፍተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ገበሬውም ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ በደጋው ላይ ገብስ ሲዘራና ከብት ሲያረባ ኖረ።

ጠመንጃ ሲበዛና እርሻው ወደ ገደሉ ሲቀርብ ግን ዋልያው ተመናመነ። ስለዚህ መንግሥት በ1962 ዓ.ም. ስፍራውን ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ በሕግ አወጀ። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካሰጋቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በማግሥቱ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ጠባቂያችን የግጭ ተወላጅ ነበሩ። በድንጋይ ክምር አጠገብ ቆመው፥ «ልጄ፥ ቤታችን እዚህ ነበር፤ ገብሳችንም እስከዚያ ድረስ ይዘራ ነበር» አሉኝ። አባቴም፥ «መልቀቅዎ ይቆጭዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «ሣሩ መመለሱን ሳይ ደስ ይለኛል። ልጆቼ ግን ዛሬ የሚያርሱት መሬት የላቸውም» ብለው መለሱ። በ2011 ዓ.ም. በፓርኩ ላይ እሳት በተነሣ ጊዜ ከአገሩ ሰው ጋር ወጥተው እሳቱን በቅጠል ሲመቱ እንደ ሰነበቱም ነገሩን።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋልያውን ብቻ ከሚያመሰግኑትም፥ መከለሉን ብቻ ከሚነቅፉትም ጋር አልስማማም። ዛሬ የዋልያ ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ስለ ሆነ ጥበቃው ይገባል፤ ነገር ግን ለአገር ቅርስ ሲባል ቤቱን የለቀቀ ሰው ውለታው ሊረሳ አይገባም።

ስለዚህ፥ ጓደኞቼ ተማሪዎች ሆይ፥ ስሜንን ለማየት በታደላችሁ ጊዜ መሪውንም በቅሎውንም ከአገሩ ሰው ተከራዩ። ዋልያውን ካያችሁ በኋላም በዚያ ስፍራ ማን ይኖር እንደ ነበረ ጠይቁ።