ከደበሎ እስከ ነጭ ጋዋን

የጥርስ ሕክምና የሚማር ጓደኛ ያለው ሰው ያውቀዋል። ሌሊቱ ተጋምሶ ልጁ ገና ሰም እየቀረጸ መንጋጋ ይሠራል። የአዋቂ ጥርስ 32 ነው፤ የእያንዳንዱ ሥርና ጉብታ በቃል መታወቅ አለበት። ይህ ጭንቀት ከእኛ ዘመን ጋር የተወለደ ይመስለናል። እስቲ ወደ አጅባር እንውጣ!

አጅባር የሳይንት ከተማ ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ገላውዴዎስ ያቋቋሟት ተድባበ ማርያምም እዚያው ሳይንት ውስጥ ናት። በዚህ ደጋ የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ሲለምን ኖሯል (ውሻውን አንርሳ)። ያገኛትን ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል፣ ከጎጆ ጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። መምህሩ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ነውና ዳዊት የደገመው ፊደል ቆጣሪውን ያስተምራል። የቃል ትምህርት የሚወርደውም ሲመሽ፣ ያለ መብራት ነው። ቅኔ ቤት ደግሞ አስነጋሪ አለ፤ ቀደም ብሎ የገባ ተማሪ ሆኖ አዲሶቹን የሚያለማምድ።

ያም ሆኖ ጭንቀቱ አንዳንዱን አብሾ አስጠጥቶታል። «አእምሮ ይከፍታል» የሚባለው ይህ መጠጥ ከአስተናግር የሚዘጋጅ ነው። አስተናግር ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አሉ። ስኮፖላሚን ትውስታን ያዳክማል እንጂ አያጠነክርም፤ ተማሪው ለማስታወስ የጠጣው የሚያስረሳውን ነበር! መጠኑ ካለፈ ያቃዣል፣ ይገድላልም። ቤተሰብ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ሳለ የሚቃዠውን ልጅ ይዞ የሚያድረው የጎጆ ጓደኛው ነው። በነገራችን ላይ አትሮፒን ምራቅ ስለሚያደርቅ የጥርስ ሐኪም ተማሪዎቻችንም መድኃኒት ሲማሩ ያገኙታል።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በቡድን ወደ ገጠር እየላከ አሠልጥኗል። ዛሬ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፤ ደበሎው ሻንጣ፣ ጎጆው ዶርም ሆኗል።

አንድ ነገር ግን እናስቀናለን ብንል አይፈረድብን። ቅኔ ቤት ሴሚስተር የለም። ያልገባው ይከርማል፤ «ኤፍ» ተብሎ ዕቃውን የሚሸክፍበት ቀን አልተቆረጠለትም። ርሃቡንና ተስቦውን ግን አንመኝም። የዶርሙ ልጅ ቀኑ ተቆርጧል፤ ጠዋት ፈተና አለው። ከላይኛው አልጋ ያለው ሲኒየር ወርዶ የአምናውን ኖት ሰጥቶታል፣ አሁን ደግሞ የሞባይሉን መብራት ሰሙ ላይ ይዞለታል።