የምኒልክ ብር
የምኒልክ ብር፦ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በፓሪስ የገንዘብ ማምረቻ የተሠራ የብር ሳንቲም። የመጀመሪያው ዕትም 1887 ዓ.ም. የሚል ዘመን ይዟል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከ1000 እጁ 835ቱ ንጹሕ ብር ነው። በአንድ ገጹ ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ባለመስቀል ዘንግ የያዘው አንበሳ ተቀርጾበታል። የማርያ ቴሬዛን ጠገራ እንዲተካ ታስቦ ቢወጣም ገበያው የለመደውን ጠገራ ቶሎ አልተወም።

ሰብሳቢዎች ደረጃ ሲያወጡለት ቀድሞ የሚሳሳውን ከፍ ያለ ቅርጽ፣ ማለትም የንጉሡን ፂም፣ የዘውዱን ጌጥና የአንበሳውን ጎፈር ይመረምራሉ። ለአንገት ጌጥ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል። በማጽጃ መፈተግም ክፉኛ ይጎዳዋል፤ በዕድሜ የመጣው ጥቁረት ሳይነካ ሊጠበቅ ይገባል።