የዕቃ ቤቱ ቁልፍ

ዕድሜዬን የጨረስኩት በመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 ስጽፍ፣ የዕቃው ቀሪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ስሞላ፣ ሰኔ በመጣ ቁጥር ቆጠራ ስቆጥር ጡረታ ወጣሁ። ሰፈራችን ለልማት ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ልጄ «አባዬ፣ የተረፈውን ዕቃ የት እናድርገው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምርጫችን ሁለት ነበር፤ ወይ እህቴ ጓሮ ውስጥ በቆርቆሮ አንዲት ዕቃ ቤት መቀለስ፣ ወይ በየወሩ እየከፈልን የሰው መጋዘን ውስጥ አንድ ክፍል መከራየት። ልጄ የስልኳን ካልኩሌተር ከፈተች። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ሐሳብ ነው፤ በዚህ አገር ሰው ንብረቱን ደጁ ላይ ላስቀምጥ ወይስ ለሌላ አደራ ልስጥ እያለ ሲጨነቅ የኖረው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ገጠር ያደገ ሰው ጎታንና ጎተራን አያምታታም። ጎታ እቤት ውስጥ ነው። ሴቶች ጭቃውን ከጤፍ ጭድና ከእበት ጋር አቡክተው፣ አንዱ ዙር ጠፈፍ ሲል ሌላውን እየደረቡ ያቆሙታል። ከሥሩ ቀዳዳ ይተዉለትና በጨርቅ ይወትፉታል፤ የዕለቱ እህል የሚቀዳው ከዚያ ነው። ጎታው ምን ያህል እንደጎደለ ከቤቱ እመቤት በቀር የሚያውቅ የለም፤ ቢን ካርዱ ያለው እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጎተራ ግን ደጅ ይቆማል። በድንጋይ ወይም በባላ ከመሬት ከፍ ይላል፣ በጭቃ ይለሰናል፣ የሣር ክዳን ይደፋል። ከፍ የተደረገው ለአይጥና ለእርጥበት ነው። ነቀዝ ከፍታ አይመልሰውም፤ በቆሎና ማሽላ ገብቶ ዱቄት ያደርጋል። ጤፍን ግን በትንሽነቷ ምክንያት አይደፍራትም፤ ዓመታት ተቀምጣ እንደገባች ትወጣለች።

የጎተራ ችግር መታየቱ ነው። የባለቤቱን ሀብት ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይናገራል። በድሮ ጊዜ ደግሞ አላፊ አግዳሚው አብዛኛውን ጊዜ ወታደር ነበር። ሠራዊት ቀለብ የሚቆረጥለት ከግምጃ ቤት ስላልነበረ በየገበሬው ቤት እየተመራ የተገኘውን ይበላ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1880ዎቹ ገበሬው አሥራት እንዲያስገባና ወታደሩም ከመንግሥት ጎተራ እንዲሰፈርለት ያደረጉት ይህን ለማስቀረት ነው። ዘመኑ ክፉ ቀን የተባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ረሀብ የተከሰተበት ነው። ጣሊያን በምጽዋ ካስገባው ከብት የተነሣው በሽታ በሬውን ጨርሶት፣ አራሽ ባዶ እጁን ቀርቶ፣ ጎተራ ያለው ሰው የጎረቤቱን ዓይን የሚፈራበት ጊዜ ነበር።

ከሁሉም ያስደነቀኝን የእህል ማስቀመጫ ያየሁት በወጣትነቴ ለሥራ ሐረርጌ በነበርኩበት ጊዜ ነው። እዚያ ማሽላ የሚቀበረው መሬት ውስጥ ነው። የጉድጓዱ አፍ ሰው በግድ የሚያስገባ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። መጀመሪያ ውስጡ እሳት ይነድበትና እርጥበቱ ይመጠጣል፤ ከዚያ ግድግዳው በገለባ ይለበሳል፣ እህሉ ይሞላል፣ አፉ በድንጋይ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል፣ ላዩ ላይ አፈር ይደለደላል። ሲያልቅ ሰው ይራመድበታል፣ ከብት ይተኛበታል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየሩን ተንፍሶ ሲጨርስ ታፍኖ ይሞታል። መድኃኒት የለ፣ ወጪ የለ!

አንዱ ጉድጓድ የተከፈተ ቀን እኔም ነበርኩ። አባወራው ክዳኑን አንሥቶ ወዲያው አልገባም። እኔ ወጣቱ የከተማ ልጅ ጎንበስ ብዬ ላይ ስል ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። የታፈነው አየር ሰው ይገድላል፤ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ያጣው ፈጥኖ በመግባት ነው። ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ አፉ ተከፍቶ ቆየ። ከዚያ አንዱ ልጅ በገመድ ወርዶ እህሉን በቅርጫት ማውጣት ጀመረ። የመሐሉ ነጭ፣ ንጹሕ ነው። ግድግዳውን የነካው ግን ጠቁሯል፤ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ ያለ ኮምጣጣ ሽታ አለው። ያን ለይተው ለከብት አስቀመጡት። ለዘር የሚሆነው ጉድጓድ አይገባም፤ ታፍኖ የከረመ እህል አይበቅልም። ዘሩ ከምድጃው በላይ፣ ጢስ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል። ሰዎቹ ንብረታቸውን እንደ ጠላቱ ዓይነት ለይተው ነበር ያስቀመጡት፤ ለወታደርና ለነቀዝ ጉድጓድ፣ ለዘር ጢስ። ብዙ የመጋዘን መመሪያ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

እህል ይቀበራል። ወርቅ፣ መጽሐፍና ልብሰ መንግሥትስ? ለዚያ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ነው። ዕቃ ቤት የሌለው ደብር ማግኘት ይቸግራል፤ ከመቅደሱ ተለይቶ በግቢው ውስጥ ይሠራል፣ ንብረቱም በቄሰ ገበዙ ኃላፊነት ይጠበቃል። ምእመናንም ክፉ ቀን ሲመጣ ንብረታቸውን እዚያ ያስገቡ ነበር። ጎንደር ላይ የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው ሰፈር፣ እጨጌ ቤት፣ መማፀኛ ስለነበር ጦርነት በተነሣ ቁጥር ሰውም ዕቃም ወደዚያ ይሸሽ ነበር። የሚከፈል ኪራይ የለም፤ ጠባቂው ውግዘት ነው። ሌባ ግድግዳ ይዘላል፣ ውግዘትን ግን ብዙዎች አይደፍሩም ነበር።

ውግዘቱም ግን እስከ ጊዜው ነው። በ1859 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ጎንደርን አቃጥለው የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት አስጫኑ። የቴዎድሮስ ስብስብ መቅደላ ላይ ተከማቸ። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሚያዝያ 1860፣ እንግሊዞች መቅደላን ያዙ። ዘረፋውን ለማውረድ 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ አስፈልጓል፤ ደላንታ ሜዳ ላይም በጨረታ ሸጡት። ብዙው የብራና መጽሐፍ ዛሬ ለንደን ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ከንጉሡ ሞት ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው፤ በየደብሩ ተበትኖ የነበረው ንብረት አንድ ቦታ ባይሰበሰብ ኖሮ በአንድ ቀን ባልጠፋ ነበር። ይህ እንግዲህ የንብረት ክፍል ሰው ሐዘን ነው፤ የታሪክ ምሁራን ይሳቁብኝ።

የከተማው ነገር ፈጠን ያለ ነው። ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ የጉምሩክ መጋዘንና ተሸካሚ አብሮ መጣ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ገበያውን ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ ሲያዛውር የነጋዴው ሱቅ ከፊት፣ መጋዘኑ ከኋላ ሆነ። ተራው ነዋሪ ግን ግቢው ውስጥ በሠራት ዕቃ ቤት ይገለገል ነበር፤ ከሰሉ፣ ጋኑ፣ የተሰበረው አልጋ፣ የአያት ሣጥን ሁሉ እዚያ ነው። ከዚያ በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። አንድ ቤተሰብ የነበረበት ግቢ የብዙ ቤተሰብ ሆነ። ዕቃ ቤት የነበረች ክፍል ባልና ሚስት ገቡባት። ዕቃው ወዴት ሄደ? ቆጥ ላይ። ከሥር መኝታ፣ ከላይ ዕቃ።

ገጠሩም አልቀረለትም። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ ሰው እሰገድ የሚለው፣ ከየገበሬው ኮታ በቁርጥ ዋጋ ይሰበስብ ነበር። ገበሬውም እንደ አያቶቹ እህሉን መደበቅ ጀመረ። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ። አዲስ አበባ ላይ የተሠሩት ትልልቅ የእህል መጋዘኖች ስማቸውን ለሰፈሩ ሰጥተውት ጎተራ ተብሎ ቀርቷል። በኋላ እዚያው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ተሠራ፤ ያገሩ እህል በተከማቸበት ቦታ የሚኖር ሰው አንድ ኩንታል ጤፍ የሚያስቀምጥበት ጓዳ አጣ።

በእኔ ዕድሜ አደራን በወረቀት ሲያስተካክል ያየሁት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። በሚያዝያ 2000 ግብይት ጀመረ። ገበሬው ወይም ነጋዴው ምርቱን መጋዘን ያስገባል፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረሰኝ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ሲለወጥ ጆንያው ንቅንቅ አይልም። ሙያዬን አክብሮልኛል። ግን ይህ ለጅምላ ነው፤ ለሚስቴ እናት ሙቀጫ ማንም ደረጃ አያወጣለትም።

ተራው የከተማ ሰው ለራሱ ያበጀው መልስ ሌላ ነው፤ እድር። ለቀብር መረዳጃ ብለን እናውቀዋለን፣ ግን የእድር ዕቃ ቤትን ልብ ብሎ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑና ብርጭቆው ሁሉም የማኅበሩ ነው። በዓመት ሁለት ቀን ለሚያስፈልግ ድስት እያንዳንዱ ቤት ቦታ አይለቅም። እኔ በእድራችን ንብረት ያዥ ነበርኩ። ሠልስት ባለፈ ማግሥት ዕቃው ሲመለስ መሬት ላይ ሸራ እናነጥፋለን፤ ሳህኑ በአሥር በአሥር ይደረደራል፣ ጠርዙ በጣት ይዳሰሳል፣ የተሸረፈው ለብቻው ይቀመጣል። ሐዘንተኛን ገንዘብ አንጠይቅም፤ ከእድሩ ሒሳብ ይተካል። የሠርግ ከሆነ ግን ያስከፍላል! ቁልፉ ሁለት ነበር፤ አንዱ እኔ ጋ፣ ሌላው ገንዘብ ያዡ ጋ። ብቻውን የሚከፍት አልነበረም።

ወደ ልጄ ካልኩሌተር ልመለስ። የመጋዘኑን ውል አመጣችልኝና መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ለጎርፍም፣ ለእሳትም፣ ለአይጥም ኃላፊነት አልወስድም ይላል። ታዲያ ምንድን ነው የምከራየው? ቆርቆሮ? የዓመት ኪራዩ ደግሞ ከዕቃው ዋጋ በለጠ። የእህቴ ጓሮ ኪራይ የለውም፤ ይሁንና ክረምት ሲመጣ ማን ቆርቆሮውን ይመልከት? እሷም እንደ እኔ አርጅታለች። ስለዚህ ዕቃውን በሞዴል ሳይሆን በደብተር ጻፍኩትና ከፋፈልኩት። ትልልቁን ድስትና ጋን ለእድሩ አስረከብኩ፣ በፊርማ። የሚሸጠውን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አወረድነው። አንድ ሣጥንና የሚስቴ እናት ሙቀጫ ብቻ እህቴ ጋ ሄዱ።

ጓሮ ያለው ሰው በጓሮው ይጠቀም፤ ንብረት በዓይን ሥር ሲሆን ነቀዙም ሌባውም ቶሎ ይታያል። ጓሮ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን የግድ ወደ ኪራይ መሮጥ የለበትም። በየሳይቱ ለበግ ማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራ የጋራ መገልገያ ቤት አለ፤ እኛ ሳይት ያለው አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚውለው። የየሕንጻው ኮሚቴዎች ሆይ፣ ከዚያ ቤት አንዲት ክፍል ለዕቃ ስጡን። መደርደሪያ፣ መዝገብና ሁለት ቁልፍ ይበቃል። ቆጠራውን እኔ በነጻ እሠራለሁ።