ከመነዳሪ፦ ከቤልፋስት እስከ ፍላቂት

ከመነዳሪ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። «ካሜራ ዳሪያ»፣ የአየር ጓዳ እንደማለት። አንዱ ከመነዳሪ ይላል፣ ሌላው ካላማዳሪ፤ ጎሚስታው ሁለቱንም ይገባዋል። ጎሚስታ ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ጎማም፣ ቸርኬም፣ ማስቲሽም እንደዚያው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲወጣ የጎማ ጥገና መዝገበ ቃላቱን እዚሁ ጥሎልን ነው የሄደው። መዝገቡ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር አለ፦ ከመነዳሪ የሌለው ጎማ። እሱ ዘግይቶ ስለመጣ በእንግሊዝኛው ቱብለስ ብለነው ቀርተናል።

መኪና ላይ ቱብለስ አሁን ማንንም አያስገርምም። ብስክሌት ላይ ግን ገና የሀብታም ነገር ነው። ልዩ ቸርኬ፣ ልዩ ጎማ፣ ከውጭ የሚመጣ ማሸጊያ ፈሳሽ ይፈልጋል። እና ፍላቂት ላይ ያለ ወጣት፣ ሁለተኛ እጅ የተራራ ብስክሌት ይዞ፣ በትንሽ ገንዘብ ከመነዳሪውን ማስወጣት ይችላል ወይ? ይችላል። ግን መልሱ ሙሉ የሚሆነው ከመነዳሪው መጀመሪያ ለምን እንደገባ ስናውቅ ነው።

በአየር የሚነፋ ጎማን በመጀመሪያ በፓተንት ያስመዘገበው ሮበርት ዊሊያም ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1845። ከውጭ ቆዳ፣ ከውስጥ አየር የያዘ ቱቦ። ያኔ መኪናም አልነበረም፣ ዛሬ የምናውቀው ብስክሌትም አልነበረም፤ ስለዚህ ተረሳ። በ1888 ቤልፋስት ውስጥ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ሲል ያንኑ ሐሳብ እንደገና ፈጠረው። ዓለም የተቀበለው የደንሎፕን ነው፤ ፓተንቱ ግን ቶምሰን ቀድሞታል ተብሎ ኋላ ውድቅ ሆነ።

የደንሎፕ ጎማ አንድ ከባድ ችግር ነበረበት። ቸርኬው ላይ በማስቲሽ የተጣበቀ ነበር። የሚሼላን ወንድማማቾች ፈረንሳይ አገር አንዱን ለመጠገን ሦስት ሰዓት ያህል ፈጅቶባቸው ማስቲሹ እስኪደርቅ ደግሞ ሌሊቱን መጠበቅ ነበረባቸው ይባላል። ከዚያ በ1891 የሚወልቅ ጎማ ይዘው መጡ። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮ በዚህ ጎማ 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ውድድር አሸነፈ። ለእኔ ታሪኩ ውስጥ ትልቁ ቀን ይሄ ነው። የሚወልቅ ጎማና ለብቻው የሚወጣ ከመነዳሪ መንገድ ዳር ያለ ማንኛውም ሰው ሊጠግነው የሚችል ነገር ሆነ። ጎሚስታ የሚባለው ሙያ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ተወዳዳሪዎች ግን በሚጣበቀው ጎማ ቀጠሉ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956ቱ ሜልበርን ከሯጮቻችን ጋር ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ በዚያ ዘመን የውድድር ጎማ ማለት ከመነዳሪው ውስጡ ተሰፍቶ በማስቲሽ ቸርኬ ላይ የሚለጠፍ ነበር። ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ከመነዳሪውን ከመኪና ያስወጣው አሜሪካ ነው። የቢ ኤፍ ጉድሪች መሐንዲስ ፍራንክ ኸርዜግ የሠራው ቱብለስ በ1947 ይፋ ሆነ፤ በ1955 አዳዲስ የአሜሪካ መኪኖች ይዘውት መውጣት ጀመሩ። ብስክሌት ላይ እስኪደርስ ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ወሰደ። የብስክሌት ቸርኬ ውስጡ በሽቦዎቹ ቀዳዳ የተሞላ ነው፤ አየር በየት በየት ይያዛል? ማቪክ ከሚሼላንና ከሃችንሰን ጋር ሆኖ በ1999 ውስጡ ቀዳዳ የሌለው ቸርኬ አወጣ። ጥሩ ነበር፣ ውድ ነበር። ስታን ኮዚያቴክ የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ በተራው ቸርኬ ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ ውስጡ ፈሳሽ የጎማ ወተት ጨምሮ መንገዱን ለብዙ ሰው ከፈተ።

ከዚያ ድሃው ብስክሌተኛ የራሱን ፈጠረ። በውጭ «ጌቶ ቱብለስ» ይሉታል። ለ26 ኢንች ቸርኬ የልጆች ብስክሌት፣ ማለትም የ20 ኢንች፣ ከመነዳሪ ትገዛለህ። አነስ ያለው ከመነዳሪ ትልቁ ቸርኬ ላይ ሲለጠጥ ጥብቅ ይላል፤ የሽቦዎቹን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል። መንፊያው በቀዳዳው ይወጣል። ከዚያ ከመነዳሪውን በጀርባው በኩል ዙሪያውን በመቀስ ሰንጥቀህ እንደ መጽሐፍ ትገልጠዋለህ፣ ሁለቱ ክንፎች በቸርኬው ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላሉ። ጎማውን ከላይ ትገጥማለህ። ጠርዙን የሳሙና ውሃ ቀብተህ በኃይል ትነፋለህ። ጎማው «ጧ!» ብሎ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ታውቀዋለህ። የመንፊያውን እምብርት ፈትተህ ፈሳሹን ታፈስሳለህ፣ መልሰህ ነፍተህ ታሽከረክራለህ፣ ትርፉን ላስቲክ በምላጭ ትቆርጣለህ። ለዚህ ሥራ ያልተሠራ ቸርኬና ጎማ ስለሆነ ከ40 ፒኤስአይ በላይ መንፋት አደጋ ነው፤ ለመንዳት ደግሞ 30 አካባቢ ይበቃል።

ፍላቂት የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት የወልድያ–ወረታ መንገድ ላይ፣ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ደጋ። እዚህ ነው ሒሳቡ የሚጥመኝ። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። በእጅ ስትነፋ እያንዳንዱ ግፊያ የሚያስገባው አየር በዚያው ልክ ያንሳል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 100 ጊዜ የገፋ ሰው ፍላቂት ላይ ለተመሳሳይ ንባብ 140 ጊዜ ይገፋል። ቱብለስ ጎማ ቦታው ላይ የሚቀመጠው አየሩ ከሚያመልጠው ፈጥኖ ሲገባ ስለሆነ፣ በእጅ መንፊያ መሞከር ደጋ ላይ ልብ ያደርቃል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ግን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። የጭነት መኪና የሚያልፍበት መንገድ ደግሞ ጎሚስታ አያጣም።

ትርፉ ምንድነው? ቀጋና አጋም። የቀጋ እሾህ ከመነዳሪ ሲወጋ ወርደህ ትገፋለህ፤ ከመንገዱ ወጥቶ በመቄት ገደል አፋፍ ወደ ተከዜ ወራጆች በሚያይ የእግር መንገድ ላይ ከሆነ የሰዓታት ጉዞ ነው። ፈሳሹ ግን ትንንሽ ቀዳዳ እየሄድክ ይደፍናል። ድንጋይ ላይ በተመታ ቁጥር ከመነዳሪው በቸርኬና በድንጋይ መካከል ተቆንጥጦ ሁለት ጥርስ የሚበሳውም ይቀራል።

ኪሳራውም መነገር አለበት። ፈሳሹ በወራት ይደርቃል፣ በደረቅ ደጋ አየር ደግሞ ይፈጥናል፤ ሲደርቅ የሚተካውን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ግድ ነው። ከመነዳሪ ግን በአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭና በማስቲሽ ይለጠፋል፣ እንደገናም ይለጠፋል፤ ሲያልቅለት ጭነት ማሰሪያ ይሆናል፣ ጎማው ደግሞ በረባሶ ይሆናል። ስለዚህ «እነሱ ከመነዳሪ ላይ ቀሩ» የሚል ንግግር አይዋጥልኝም። የሚጠገን ነገር በሚገዛ ነገር መለወጥ ሁልጊዜ ወደፊት መሄድ አይደለም።

እኔን ቢጠይቁኝ የኋላውን ብቻ ነው የምቀይረው። ክብደቱ የሚያርፈው እዚያ ነው፣ በድንጋይ የሚቆነጠጠውም እሱ ነው፤ ፈሳሹም በግማሽ ይበቃል። የፊቱ በከመነዳሪው ይቀጥል። ፈሳሹ ያለቀበት ቀን ደግሞ ለኋላው የሚሆን አንድ ሙሉ የ26 ኢንች ከመነዳሪ ኮርቻው ሥር ታጥፎ፣ በጎማ ቁራጭ ታስሮ መቀመጥ አለበት። የተሰነጠቀውን አውጥቶ ሙሉውን ማስገባት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ እጅ ግን በጎማ ወተት ይጨማለቃል።