«ለልማት ዝግጁ» የሚባለው መሬት፦ ድሬዳዋ ከከዚራ እስከ ነፃ የንግድ ቀጠና

ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና በድሬዳዋ ሥራ መጀመሩ ይፋ ሆነ። ቦታው አዲስ አልነበረም። ቀድሞ የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተብሎ የተገነባው ነው። መንገዱ ተሠርቷል፣ ሼዶቹ ቆመዋል፣ አጥሩ ተከብሯል። የጅቡቲ ባቡርና ደረቅ ወደብም በአቅራቢያው አሉ። ለባለሀብቱ የተላለፈው መልእክት «መሬቱ ዝግጁ ነው፣ እናንተ ማሽናችሁን ይዛችሁ ኑ» የሚል ነበር።

መሬት «ዝግጁ ነው» ሲባል ግን ምን ማለት ነው? ዝግጁ ነው የሚለውስ ማነው? ነገሩ እንደተባለው ሳይሆን ቢቀር ዕዳውን የሚከፍለው ማነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ከድሬዳዋ የተሻለ ከተማ አይገኝም። ከተማዋ ራሷ አንድ ኩባንያ ለሥራው ብሎ ካዘጋጀው መሬት ላይ የበቀለች ናትና።

ነገሩ የሚጀምረው በ1886 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። የፈቃዱ ዘመን 99 ዓመት ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከጅቡቲ ሐረር መድረስ ነበረበት። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ወደ ደጋው ሲቃረብ ግን የሐረር ተራራ ከነወጪው ፊት ለፊት ቆመ። ስለዚህ መስመሩ ሐረርን ትቶ በተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ደረሰ፣ ከተማዋም ያኔ ተቆረቆረች። መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» የተባለችውም ሐረር ቀርታ እሷ ስለመጣች ነው።

ኩባንያው ከደቻቱ ወንዝ በስተምዕራብ ያለውን መሬት እንደ ሥራው ፍላጎት አሰናዳ። ጣቢያ፣ የጥገና ጋራዥ፣ የሠራተኛ መኖሪያ፣ ቀጥ ያሉ መንገዶችና ጥላ የሚሰጡ ዛፎች ተዘጋጁለት። ከዚራ የምንለው ሰፈር ይህ ነው። ከወንዙ ማዶ መጋላ የራሱን መንገድ ይዞ አደገ። ነጋዴው፣ ግመል ነጂው፣ ከሐረር የወረደው፣ ከየመን የተሻገረው፣ ሕንዱም ግሪኩም እዚያ ገበያውን ዘረጋ። በአንድ ከተማ ሁለት ዓይነት መሬት ተፈጠረ ማለት ነው። አንደኛው በፕላን ተለክቶ የተሰጠ ነው፣ ሁለተኛው ሰው ሰፍሮበት በኋላ እውቅና የጠየቀ ነው። ይህ ክፍፍል እስከ ዛሬ የከተሞቻችን ችግር ነው።

አንድ የሚዘለል ነገር አለ። ሜዳው ባዶ አልነበረም። የሶማሌና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል የሚያሰማሩበት፣ ውኃ የሚቀዱበት አገር ነበር። ሐዲዱ በበረሃው ሲዘረጋ ከኢሳ አርብቶ አደሮች ጋር ግጭት የተነሳውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በኩባንያው ካርታ ላይ መሬቱ ነፃ ነው፣ በእረኛው ዓይን ግን የግጦሽ መንገዱ ተቆርጧል። ዛሬ በመሬት ቢሮዎች «ከሦስተኛ ወገን ነፃ» የሚለው ሐረግ ሲጻፍ፣ ያ ሦስተኛ ወገን የመጀመሪያው ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ ያስፈልጋል።

ኩባንያውም ቢሆን ያሰበው አልሆነለትም። መሬቱ ተዘጋጅቶ፣ ጣቢያው ተሠርቶ፣ ባቡሩ ከድሬዳዋ ሳያልፍ ዓመታት ቆየ። ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ለሌላ ተሰጠ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለከተማዋ መዘግየቱ ሲሳይ ሆነላት። የመስመሩ መጨረሻ ስለነበረች ዕቃው ሁሉ እዚያ ይራገፍ ነበርና ንግዱ ደራ። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። የተዘጋጀ መሬት ለብቻው ሥራ አይሆንም። ገንዘቡ፣ መጓጓዣውና ገበያው አብረው መምጣት አለባቸው።

በጣልያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በድሬዳዋ ተተከሉ። የቦታው ምርጫ ምክንያቱ ሐዲዱ ነበር። ድሬዳዋ የኢንዱስትሪ ከተማ የሚል ስም ያገኘችው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚባል ነገር በሕግ ከመታወቁ ብዙ ዓመታት በፊት ነው።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት፣ በሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥትና የሕዝብ አደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይህ መሬት ነፃ ነው» የማለት ሥልጣን በአንድ እጅ ገባ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለውን አጸና። ሰጪው መንግሥት ነው፣ ነሺው መንግሥት ነው፣ የሰጠሁት መሬት ንጹሕ ነው ብሎ የሚፈርመውም መንግሥት ነው።

የሊዝ ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 ተጀመረ። በ1994 ተሻሻለ፣ በ2004 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 721 ወጣ። የ2004ቱ አዋጅ ስሙ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ነባር ይዞታን ወደ ሊዝ ስለማስገባት በፈጠረው ጭንቀት ነው። ብዙ ያልተወራለት አንድ ጥሩ ድንጋጌ ግን ነበረው። ለጨረታ የሚወጣ መሬት ሊያሟላ የሚገባውን ዘርዝሮ አስቀምጧል። መሬቱ ከማንኛውም ወገን የይገባኛል ጥያቄ ነፃ መሆን አለበት። የከተማውን ፕላን ተከትሎ መዘጋጀት አለበት። መሠረተ ልማት ሊደርሰው ይገባል። ተሸንሽኖ፣ ልዩ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ወሰኑ መሬት ላይ በችካል መታየት አለበት። ሳይት ፕላንም ሊኖረው ይገባል።

ይህ ዝርዝር ሌላ አገር ስም ተሰጥቶት የሚሠራበት ነገር ነው። በአሜሪካ በርካታ ክፍለ ግዛቶች «የተመሰከረለት የኢንዱስትሪ ቦታ» የሚል አሠራር አላቸው። አንድ ቦታ ለፋብሪካ ዝግጁ ነው ተብሎ ከመመዝገቡ በፊት ባለቤትነቱ ይጣራል፣ አፈሩ ይመረመራል፣ የጎርፍ ካርታው ይታያል፣ መብራትና ውኃ በምን ያህል መጠንና በስንት ጊዜ እንደሚደርስ ከአቅራቢው ድርጅት በጽሑፍ ይጠየቃል። ዓላማው ቀላል ነው። ባለሀብቱ በኋላ የሚያገኘውን መጥፎ ዜና አስቀድሞ ማግኘት ነው። አየርላንድ ሻነን ላይ በፈረንጆች 1959 ነፃ ቀጠና ስትከፍትም ዋናው ሐሳብ ይኸው ነበር፤ የተዘጋጀ ቦታ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ።

እኛም ጋ በ2007 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886 ወጣ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽንም ተቋቋመ። የአዋጁ መንፈስ «ለእያንዳንዱ ባለሀብት አንድ አንድ መሬት ከምናዘጋጅ፣ አንድ ሰፊ ቦታ አዘጋጅተን ሁሉንም እናስገባ» የሚል ነው። ጉምሩኩ፣ ፈቃዱ፣ ባንኩ በአንድ ማዕከል ይሰጣል። ሐዋሳ በ2008 ተመረቀ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ ሲጀምር፣ ድሬዳዋ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና በሐዲድ ተመረጠች። ልዩነቱ አዲሱ ጣቢያ እንደ ቀድሞው ለገሃር መሐል ከተማ አለመሆኑ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ልማቱም አብሮት ወጣ፣ መልካ ጀብዱ የኢንዱስትሪና የደረቅ ወደብ አካባቢ ሆነ።

ፓርኮቹ በአብዛኛው የታሰቡት ለልብስና ለጨርቃ ጨርቅ ወጪ ንግድ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ኢትዮጵያም ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካው የአጎዋ ዕድል ወጣች። ሼዱ አልፈረሰም፣ መንገዱ አልተቆረሰም፣ ካርታውም ትክክል ነው። ገበያው ግን ሄደ። የድሬዳዋው ፓርክ ወደ ነፃ የንግድ ቀጠና መለወጡ የመጋዘን፣ የሎጂስቲክስና የንግድ ሥራ እንዲገባበት በር ከፈተ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322 ይህንኑ ሐሳብ ለሌሎችም አሰፋው። በ1895 የታየው ነገር ተደገመ። መሬት ዝግጁ መሆኑ የነጋዴውን ሌላ ስጋት አያስቀርለትም።

ድሬዳዋ ለዝግጁነት ጥያቄ የሰጠችው ከባዱ መልስ ግን ከንግድ ጋር የተያያዘ አይደለም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ነጋዴ ይነግድበታል። በዚያ ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። ከሞቱት ብዙዎቹ በወንዙ ዳር በዝቅተኛው ቦታ የሚኖሩ ነበሩ። እዚያ የሰፈሩት ሌላ ቦታ ስላልነበራቸው ነው። ዝግጁ መሬት ለባለሀብት በሚታደልበት አገር፣ ዝግጁ መሬት ያልደረሰው ሰው ወንዝ ዳር ይሰፍራል።

ከዚያ በኋላ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ይህ መልካም ነው። ጥያቄው ግን ከግንቡ በላይ ነው። በ2004ቱ ዝርዝር ውስጥ የይገባኛል ጥያቄ አለ፣ ፕላን አለ፣ ችካል አለ። «ይህ መሬት ከጎርፍ የተጠበቀ ነው ወይ?» የሚል ራሱን የቻለ መስፈርት ግን በዚያ ዝርዝር ላይ የለም፤ በፕላኑ ውስጥ ታይቷል ተብሎ የሚታለፍ ነው። ከተራራ ግርጌ በደረቅ ወንዝ ዳር ለተቀመጠች ከተማ ይህ የመጀመሪያው መስፈርት ሊሆን ይገባው ነበር።

ሁለተኛው መስፈርት ውኃ ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ውኃው ኖራ የበዛበት መሆኑን ቧንቧውና ማንቆርቆሪያው ይመሰክራሉ። በወረቀት ላይ «የውኃ አቅርቦት አለ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ፋብሪካ ለማቅለምና ለማጠብ በቀን ምን ያህል ይፈልጋል? ያ መጠን ከነዋሪው ድርሻ ላይ ነው ወይስ ከአዲስ ጉድጓድ? ይህ ካልተመለሰ ምስክር ወረቀቱ ግማሽ እውነት ነው።

ሦስተኛው ካሳ ነው። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት በቋሚነት ከእርሻው የሚነሳ ገበሬ የሚያገኘው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱ ተሻሽሎ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ተወስዶ በ15 እንዲባዛ ሆነ። ማሻሻያው ራሱ ምስክርነት ነው፤ የቀድሞው አነስተኛ መሆኑን መንግሥት አምኗል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ካሳው ተመጣጣኝና በቅድሚያ የሚከፈል ይሁን ይላል፤ አርብቶ አደሩም ከግጦሽ መሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው በአንቀጽ 40 አስፍሯል። እንግዲህ ካሳው ሳይከፈል ወይም ክርክሩ ፍርድ ቤት እያለ «ነፃ» የተባለ መሬት ለባለሀብቱ የሚተላለፈው ከነክርክሩ ነው። ባለሀብቱ ቡልዶዘር ሲያስገባ የሚጠብቀው ገበሬ ሌባ አይደለም፣ ያልተከፈለው ሰው ነው። ሁለቱ ይጣላሉ፣ የፈረመው ቢሮ ግን በመካከላቸው የለም።

ዋናው ነገር ይህ ነው። «ዝግጁ ነው» የሚለው ቃል ቃል ኪዳን ነው፣ ቃል ኪዳን ደግሞ ዋስ ይፈልጋል። አሁን ባለው ልማድ መሬቱን የሚያነሳው፣ የሚያዘጋጀው፣ የሚመሰክረውና የሚሰጠው በአብዛኛው አንድ አካል ነው። ሻጭና መርማሪ አንድ ሲሆኑ ምርመራው መላላቱ አይቀርም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ለዚህ ጥሩ መሠረት ነበር። መብቱ፣ ወሰኑና ባለመብቱ በአንድ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ማረጋገጫ እንዲሰጥ ያዛል። መዝገቡ ሙሉ በሆነበት ቦታ «ነፃ ነው» የሚለው አባባል በሰው ቃል ሳይሆን በመዝገብ ይጣራል።

ድሬዳዋ ይህን አሠራር ለመጀመር የተመቸች ናት። በ1996ቱ ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 416፣ የራሷ አስተዳደር አላት፤ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ግዛቷ ሰፊ አይደለም፣ ከተማዋና ገጠር ቀበሌዎቿ በአንድ አስተዳደር ሥር ናቸው። ለኢንዱስትሪ የሚሰጥ እያንዳንዱ ቦታ አንድ ይፋ ሰነድ ቢኖረው ብዙ ነገር ይቃለላል። ማን ከዚያ እንደተነሳና ካሳው መቼ እንደተከፈለ፣ የጎርፍ ጥናቱን የሠራው ማን እንደሆነ፣ ውኃና መብራቱ በምን መጠን መቼ እንደሚገባ፣ ማን እንደፈረመ በግልጽ ይጻፍ። ፊርማው የሚያገለግልበት ቀን ይኑረው፤ የዛሬ አሥር ዓመት የታየ ጉድጓድ ዛሬ ደርቆ ሊሆን ይችላልና። ስህተት ቢገኝ ከፈራሚው የሚጠየቅ ካሳ ይኑር። ይህ ባለሀብትን አያርቅም። የሚያርቀው በአጥር ውስጥ ያለ ሥራ ዓመታት የሚቀመጥ መሬትና መጨረሻው የማይታወቅ ክስ ነው።

በ1895 ኩባንያው መሬቱን ያዘጋጀው ለባቡሩ ነበር፣ ከተማዋን ያቆማት ግን ከወንዙ ማዶ ራሱን በራሱ ያሰፈረው የመጋላ ሕዝብ ነው። ያ ሕዝብ ያኔ በፕላኑ አልነበረም። ዛሬ በመልካ ጀብዱ ዙሪያ ያለው ገበሬ፣ አርብቶ አደርና የቀን ሠራተኛ በሰነዱ ላይ ስሙ እስኪገባ ድረስ «ዝግጁ ነው» የሚለው ማኅተም ለአንዱ ወገን ብቻ እውነት ሆኖ ይቆያል።