የካርድ መቀናጆ፦ ሁለት ግራፊክስ ካርድ በአንድ ኮምፒዩተር

በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ግራፊክስ ካርድ ሰክቶ አንድ ጌም አብረው እንዲስሉ የማድረግ አሠራር እስካሁን የለመድነው የአማርኛ ስም የለውም። ከካርድ ሠሪዎቹ ኩባንያዎች ኤንቪዲያ ኤስኤልአይ ብሎታል፤ ኤኤምዲ ደግሞ ክሮስፋየር ይለው ነበር። ሁለቱም የንግድ ስሞች ናቸው፤ ነገሩን አይገልጹትም። የንግድ ስም ደግሞ ሻጭን እንጂ ገዢን አይጠቅምም፤ «ኤስኤልአይ አለው» የተባለ ሰው ያገኘው ሁለት እጥፍ ፍጥነትና ሁለት እጥፍ ሜሞሪ ይመስለዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ስለዚህ ነገሩን በስሙ ብቻ ሳይሆን በባሕርይው የሚያስረዳ ቃል ያስፈልገናል፤ ቃሉም ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበሬው ከዘመናት ጀምሮ የሚያውቀው መቀናጆ ይበቃል። ይህ ጽሑፍ «የካርድ መቀናጆ» የሚለውን ስያሜ አቅርቦ ለምን ከሌሎቹ አማራጮች እንደሚሻል ያስረዳል።

ከጉና ተራራ እስከ በሽሎ ሸለቆ ባለው የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል እርሻ የሚታረሰው በጥማድ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻውን ቀንበር አይሸከምም። አንዱ በሬው የሞተበት ወይም ለችግሩ የሸጠበት ገበሬ እንደ እሱ ባለ አንድ በሬ የሆነ ጎረቤት ይፈልጋል፤ ሁለቱ በሬዎቻቸውን አቀናጅተው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ይህ ነው መቀናጆ። በሬ የሌለው ሰው ጉልበቱን ሰጥቶ በሬ ቢያገኝ ውሉ ሌላ ነው፤ መሬቱን ለእኩል ቢሰጥም ሌላ ነው። መቀናጆ ሁለቱም ወገን የየራሱን ሙሉ በሬ ይዞ የሚመጣበት ስምምነት ነው። ልብ ማለት የሚገባው ምን አንድ እንደሚሆንና ምን እንደማይሆን ነው። አንድ የሚሆነው ቀንበር ላይ ያለው ጉልበት ብቻ ነው። በሬው የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል፤ ገለባውን የሚያቀርብለት፣ ማታ በረት የሚያስገባው፣ ሲታመም የሚጨነቅለት ባለቤቱ ነው። የእርሻው ወቅት ሲያልፍ ወይም አንደኛው ሁለተኛ በሬ ሲገዛ መቀናጆው ይፈርሳል፤ በሬዎቹ ግን እንደነበሩ ሁለት ናቸው።

አሁን ወደ ካርዶቹ እንምጣ። በቤት ኮምፒዩተር ይህን አሠራር በሰፊው ያስተዋወቀው ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1998፣ ካርዱም ቩዱ 2 ነው። ሁለት ቩዱ 2 ካርዶች ኮምፒዩተሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተሰክተው በአጭር ኬብል ይያያዙ ነበር። ሥራቸውን የሚከፋፈሉት በመስመር ነው፦ አንዱ የስክሪኑን አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ መስመር ሲስል፣ ሌላው ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ ስድስተኛውን ይስላል። ውጤቱ ፍጥነት ብቻ አልነበረም። አንድ ቩዱ 2 በባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ጌም ከ800 በ600 ነጥብ በላይ መሳል አይችልም ነበር፤ ሁለቱ ሲቀናጁ 1024 በ768 ደረሱ። ስሪዲኤፍኤክስ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲወድቅ ንብረቱን የገዛው ኤንቪዲያ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ስሪዲኤፍኤክስ ለአሠራሩ የሰጣቸውን ኤስኤልአይ የሚሉትን ሦስት ፊደላት መልሶ አነሳቸው፤ የሚወክሏቸውን ቃላትም ሆነ አሠራሩን ግን ለወጠ። በዓመቱ ተፎካካሪው ኤቲአይ ክሮስፋየርን አመጣ፤ በ2006 ኤቲአይን ኤኤምዲ ገዛው።

አዲሱ አሠራር በአብዛኛው በመስመር መከፋፈሉን ትቶ ወደ ተራ ሄደ። ጌም ስንጫወት የሚንቀሳቀስ የሚመስለን ነገር በፍጥነት የሚከታተሉ የቆሙ ሥዕሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በተቀናጁ ካርዶች አንደኛው ካርድ አንደኛውን ፍሬም ይስላል፣ ሁለተኛው ሁለተኛውን፣ ከዚያ ተራው ወደ አንደኛው ይመለሳል። ይህ እንዲሆን ግን ሁለቱም ካርዶች የጌሙን ዓለም በሙሉ፣ ግድግዳውን፣ ዛፉን፣ የሰዉን ልብስ፣ በየራሳቸው ሜሞሪ መያዝ አለባቸው። አንዱ የያዘውን ሌላውም ደግሞ ይይዛል። ስለዚህ ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ ሁለት ቢሰካ ጌሙ የሚያገኘው 16 ሳይሆን 8 ጊጋባይት ነው። ብዙ ገዢ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መቀናጆ የሚለው ቃል ደግሞ ጥቅሙን የሚያሳየው እዚሁ ላይ ነው። በመቀናጆ ቀንበር እንጂ በረት እንደማይጋሩ የሚያውቅ ሰው፣ ሁለት ካርድ ሲቀናጅ ሜሞሪው ይደመራል ብሎ አይገምትም። ኤሌክትሪኩም እንደዚሁ ለየራስ ነው፤ የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 አንዱ 180 ዋት ይፈልጋል፣ ሁለቱ 360። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማቀዝቀዣው፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ዩፒኤስ ሁሉ ለሁለት መዘጋጀት አለባቸው።

ከመቀናጆ የምናገኘው ሁለተኛው ትምህርት እርምጃ ነው። በእርሻ ቁመታቸውና ጉልበታቸው ያልተመጣጠነ በሬዎች ሲጠመዱ ቀንበሩ ያዘነብላል፣ ትልሙ ይጣመማል፣ አራሹም እርፉን ይዞ ሲታገል ይውላል። የኤንቪዲያ ኤስኤልአይ ሁለቱ ካርዶች አንድ ዓይነት ቺፕ እንዲኖራቸው ያስገድድ የነበረው ለዚህ ነው፤ ክሮስፋየር ከአንድ ቤተሰብ እስከሆኑ ድረስ ጥቂት ይለሳለስ ነበር። ነገር ግን ካርዶቹ ፍጹም አንድ ዓይነት ቢሆኑም እርምጃቸው ይዛነፋል። በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲታይ እያንዳንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ልዩነት መድረስ አለበት። ሁለት ካርድ ተራ በተራ ሲስል ግን አንዱ ፍሬም በ5 ሚሊሰከንድ፣ ተከታዩ በ28 ሚሊሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ሲደመርና ሲካፈል አማካዩ 60 ፍሬም ገደማ ነው፤ ዓይን የሚያየው ግን መንቀጥቀጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ገደማ ገምጋሚዎች አማካዩን ትተው የእያንዳንዱን ፍሬም መድረሻ ጊዜ መለካት ሲጀምሩ፣ በወረቀት ላይ እጥፍ የሚመስለው ፍጥነት በተጫዋቹ ዓይን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ መሆኑ በግልጽ ታየ። የኋላ ኋላ የመጡት ጌሞች ደግሞ አዲሱን ፍሬም ለማጥራት ያለፈውን ፍሬም መልሰው ያያሉ። ያለፈው ፍሬም ያለው በሌላኛው ካርድ ሜሞሪ ውስጥ ነውና አንዱ ሌላውን መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ ተራው ተራ መሆኑ ይቀራል።

ይህ ሁሉ እያለ አሠራሩ ለዓመታት የቆየው ስምምነቱን የሚያስጠብቅ አካል ስለነበረ ነው። ካርዶቹን የሚያስማማው የኤንቪዲያና የኤኤምዲ ድራይቨር ነበር፤ መሐንዲሶቻቸው አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር ለዚያ ጌም ብቻ የሚሆን ቅንብር ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ዳይሬክትኤክስ 12፣ በ2016 ቩልካን የተባሉት ጌምን ከካርድ ጋር የሚያገናኙ ሥርዓቶች ሲመጡ ይህ ሥራ ወደ ጌም ሠሪዎቹ ተላለፈ። በመርህ ደረጃ ነጻነቱ ሰፋ፤ አሽስ ኦፍ ዘ ሲንጉላሪቲ የተባለው ጌም የኤኤምዲንና የኤንቪዲያን ካርድ እንኳ አቀናጅቶ አሳይቷል። በተግባር ግን ሁለት ካርድ ያለው ተጫዋች ጥቂት ስለሆነ፣ ለጥቂቶች ሲባል ወራት የሚፈጅ ሥራ የሚሠራ ጌም ሠሪ ብዙ አልተገኘም። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2016 ጂቲኤክስ 1060ን ያለ ኤስኤልአይ ማያያዣ አወጣው፤ ርካሽ ካርድ ገዝቶ ቆይቶ ሌላ የመጨመር ተስፋ ያን ጊዜ ተዘጋ። በ2020 ከወጡት የ30 ተከታታይ ካርዶች ማያያዣው የቀረው በአርቲኤክስ 3090 ላይ ብቻ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ኩባንያው ለቀደሙት ካርዶች አዲስ ቅንብር መጻፍ አቆመ፤ በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ማያያዣው ጭራሽ የለውም። ካርዶቹ አቅም አንሷቸው አይደለም። ውሉን የሚጠብቅ ጠፋ።

ስያሜውን የሚቃወም ሰው ሊያነሳ የሚችለው ጠንካራው ክርክር ይህ ነው፦ በሬ ብቻውን አያርስም፣ ካርድ ግን ብቻውን ይስላል፤ ታዲያ ምን አገናኛቸው? ክርክሩ እውነት አለው። ሆኖም ቩዱ 2ን እናስታውስ፤ 1024 በ768 ለአንድ ካርድ የማይደረስበት ነበር፤ የሁለቱ መቀናጀት የግድ ነበር። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ሁለት ካርድ የሚገዛው ሰው አንዱ የማይደርስበትን ጥራት ፈልጎ ነው። ሌላው ደግሞ «ጥማድ ካርድ» ብንለው አይቀልም ወይ ይል ይሆናል። አይሆንም፤ ምክንያቱም ጥማድ የአንድ ሰው ሀብት፣ ሁልጊዜ አብሮ የሚቆጠር ነው። ይልቅ ጥማድ የሚለው ስም የሚገባው ሌላ ነገር አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደወጣው ጂቲኤክስ 690ና በ2014 እንደወጣው የኤኤምዲ አር9 295ኤክስ2 ሁለት ቺፕ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተገጥሞ የተሠራ ካርድ። እሱን ጥማድ ካርድ፣ ሁለት የተለያዩ ካርዶችን ማያያዝን መቀናጆ ብንል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሁለት ስም ያገኛሉ። «ቅንጅት» የሚለው ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ወዲህ በሰው አእምሮ የፓርቲ ስም ሆኖ ስለተቀረጸ፣ አንባቢን ወደማይፈለግ ቦታ ይወስደዋል። የከተማ ልጅ መቀናጆን አያውቅም የሚለው ሥጋት ትልቅ አይደለም፤ ማቀናጀት፣ የተቀናጀ፣ ተቀናጅቶ የሚሉትን በየቀኑ ይሰማል፣ ይጽፋል። ሥሩን ስለሚያውቀው ቃሉ አይጠፋበትም። ግሡም ዝግጁ ነው፤ ካርድ ማቀናጀት፣ የተቀናጁ ካርዶች፣ የማይቀናጅ ካርድ እንላለን።

ለሞተ ነገር ስም ማውጣት ለምን አስፈለገ? በጌም በኩል ከሞላ ጎደል መሞቱ እውነት ነው፤ ዛሬ ለጌም ብሎ ሁለት መካከለኛ ካርድ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ገንዘቡን አንድ ላይ አድርጎ አንድ የተሻለ ካርድ ቢገዛ ይሻለዋል። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንዲህ በናረበት ጊዜ ይህ ቀላል ምክር አይደለም። ነገር ግን ሁለትና ከዚያ በላይ ካርድ ማቀናጀት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ከምንጊዜውም በላይ ሕያው ነው። 13 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው የቋንቋ ሞዴል እያንዳንዱ ፓራሜትር በ2 ባይት ሲቀመጥ 26 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ ባለ 24 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3090 አይበቃውም። ሁለት 3090 ሲሆን ግን ሞዴሉ በንብርብሮቹ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ያድራል። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማር የጋይንት ወይም የእስቴ ልጅ በአማርኛ የሚያነብና የሚመልስ ሞዴል ለመሞከር ቢነሳ፣ ከጌም ተጫዋቹ ቀድሞ ይህን አሠራር የሚፈልገው እሱ ነው። እዚህ ላይ ሜሞሪው ተደመረ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። አልተደመረም፤ እያንዳንዱ ካርድ አሁንም የሚያየው የራሱን 24 ጊጋባይት ብቻ ነው። የተለወጠው ውሉ ነው፦ በጌም ሁለቱም ሙሉውን ይይዛሉ፣ በሞዴል ግን እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ የሠራውን ለሌላው ያቀብላል። መቀናጆ ምን እንደሚጋሩ አስቀድሞ አይወስንም፤ ተስማሚዎቹ ይወስናሉ። ስለዚህ ቃሉ ለሁለቱም ይሠራል።

የማይሠራበት ቦታም አለ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንዳንድ ተጫዋቾች ሎስለስ ስኬሊንግ በተባለ ፕሮግራም ሁለት ካርድ በሌላ መንገድ እየተጠቀሙ ነው። ጠንካራው ካርድ ጌሙን ይስላል፤ ደካማው፣ ምናልባትም ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተነቀለው፣ በሁለት ፍሬሞች መካከል የሚገባ ግምታዊ ፍሬም ይፈጥራል። ካርዶቹ አንድ ዓይነት መሆን አያስፈልጋቸውም፤ የድራይቨር ቅንብርም ሆነ የጌም ሠሪው ፈቃድ አይጠየቅም። ይህ ጠቃሚ ነገር ነው፤ የተጣለ ካርድን ወደ ሥራ ይመልሳል። መቀናጆ ግን አይደለም፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም፣ ተራም የላቸውም። ሁለተኛውን ካርድ «አጋዥ ካርድ» ብንለው ይበቃል። ስሞቹ እንዲህ ከተለዩ፣ ሻጭ «የሚቀናጅ ነው» ሲል ገዢው ለየትኛው ጌም ወይም ለየትኛው ሥራ እንደሆነ፣ ማያያዣው በካርዱ ላይ መኖሩን፣ ማዘርቦርዱም ሁለት ካርድ የሚችል መሆኑን ሊጠይቀው ይችላል።